ሰው ለሌለው ሰው

ለምኖ የሚያድረውን ሰው አማርኛ «የኔ ቢጤ» ይለዋል። እኔን የሚመስል፣ የእኔው አምሳያ ማለት ነው። ይህን ስም ያወጣ ሕዝብ ልቡ የት እንደነበር ሳስበው ደስ ይለኛል፤ ስሙንና የስሙን ባለቤት ኑሮ ሳስተያይ ግን አፍራለሁ። በአራት ኪሎ ሥላሴ ደጅ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አጥር ጥግ፣ በማለዳ ነጠላዋን ተከናንባ የምታልፍ እናት ሁሉ «ስለ ማርያም» የሚል ድምፅ ሳትሰማ አታልፍም። የልመናውን ሥር የካቲት 16 ቀን ኪዳነ ምሕረትን ያስቀደሰ ሁሉ ያውቀዋል። በላዔ ሰብእ የተባለው ሰው በላ 78 ነፍስ በልቶ ሲያበቃ፣ ውሃ ጥም ያቃጠለው አንድ ድሃ በመንገድ አግኝቶት በማርያም ስም ለመነው። ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በፍርድ ቀን ያቺ ጥርኝ ውሃ ሚዛን ደፋች። ልብ ማለት የሚገባው ግን በታሪኩ ውስጥ ያለው ድሃ ማን እንደሆነ ነው። ገላው የቆሰለ፣ ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚሸሸው ሰው ነው።

እኔም የምተርከው ያቺ ጥርኝ ውሃ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው መንገድ በማን እጅ ላይ ስትዞር እንደኖረች ነው።

በጥር 1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ አንድ አዋጅ አስነገሩ። አዲስ አበባ ገና ሃያ ዓመቷ ነው። ከአራት ኪሎ ዝቅ ብሎ ያለውን ግቢ የሠራው አናጢ፣ ማረሻውንና ጦሩን የቀጠቀጠው ብረት ሠሪ፣ ለመኳንንቱ ሸማ የሚሸምነው፣ ኮርቻ የሚሠራው፣ እንስራ የምትሠራው ሁሉ በከተማይቱ ዙሪያ ሰፍሯል። ከተማይቱ በእጃቸው ትበላለች፤ አብራቸው ግን አትበላም። አንዱ ጠይብ፣ አንዱ ፋቂ፣ አንዱ ቡዳ እየተባለ፣ ልጅ አይሰጡትም፣ ልጅ አይቀበሉትም፣ ዓይኑን ይፈሩታል። የንጉሡ አዋጅ በሥራው ምክንያት ሠራተኛን መስደብ ከለከለ። እንዲህ እየሰደባችሁ ማረሻ የሚሠራ አጥታችሁ አገሬን ባዶ ልታስቀሩት ነው የሚል ቁጣ ያለበት አዋጅ ነው። ሳነበው ንጉሡን አከብራቸዋለሁ። ይሁን እንጂ አዋጅ አፍን ይዘጋ ይሆናል እንጂ ሰውን በአንድ መሶብ ዙሪያ አያስቀምጥም። ያ ሌላ ጉልበት ይፈልጋል።

ከ11 ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1911 ዓ.ም.፣ የናቀውም የተናቀውም እኩል ወደቀ። ዓለም የስፔን ጉንፋን ያለውን ወረርሽኝ የእኛ አባቶች የኅዳር በሽታ አሉት። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተኝተው ነበር። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደፈጀ ይነገራል። ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ በየቤቱ አደረ፤ ጅብ ከተማ ገባ። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ ሲቃጠል የምናየው ጭስ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው። በዚያ ወር ብዙ ሰው ከበሽታው እኩል ውሃ የሚያቀብለው በማጣት ሞተ። ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቶ ማን ለማን ይነሣል?

ራስ ተፈሪ ወረርሽኙ ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1924፣ በስድስት ኪሎ አንድ ሆስፒታል አቋቋሙ። ሐኪሞቹ ከስዊድን መጡ። ስሙን ቤተ ሳይዳ አሉት። ስሙን የመረጠው ሰው ወንጌሉን በደንብ አንብቦታል። የዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ መጻጉዕ የሚባለው በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር 38 ዓመት ተኝቶ የኖረው ሰው የሚታሰብበት ስለሆነ ነው። ያ ሰው ልትድን ትወዳለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ስለ ሕመሙ አንዲት ቃል አልተናገረም። ውሃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደኝ ሰው የለኝም ነው ያለው። ይህን ክፍል በሰማሁ ቁጥር የሚገርመኝ ይህ ነው፤ 38 ዓመት ከታመመበት እግሩ ይልቅ ሰው ማጣቱ አመመው። በአገራችንም የድህነት የመጨረሻው ቃል ይኸው ነው። ገንዘብ የለኝም ያለ ይበደራል፤ ሰው የለኝም ያለ ምን ይላል?

ከዚያው ሆስፒታል ፊት ለፊት የሆነው ነገር ደግሞ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚያሳምመኝ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የወራሪው የጣሊያን እንደራሴ ሮዶልፎ ግራዚያኒ የኔፕልስ ልዑል መወለዱን ምክንያት አድርጎ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት (ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው) ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ አስነገረ። የቀድሞ ነገሥታት በበዓል ቀን ለድሃ ይመጸውቱ ስለነበር የእነርሱን ልማድ ይዞ ሩኅሩኅ ልባል ማለቱ ነው። የከተማይቱ የኔ ቢጤዎች ማልደው ተሰበሰቡ። ዓይነ ስውሩ በልጅ እየተመራ፣ አንካሳው በምርኩዝ፣ አሮጊቷ ሕፃን አዝላ። በሺህ የሚቆጠሩ ነበሩ። ምጽዋቱ መታደል ሲጀምር አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምቦቻቸውን ወረወሩ። ወታደሮቹ አፈ ሙዛቸውን ያዞሩት ግቢው ውስጥ ወደነበረው ሕዝብ ነው። መሸሻ አልነበረም፤ ከተሰበሰቡት ብዙዎቹ ደግሞ መሸሽ የማይችሉ ነበሩ። ከዚያ ለሦስት ቀን ከተማይቱ ነደደች፤ ኢትዮጵያ የሞተባትን 30,000 ብላ ቆጠረች፤ የኋላ ጥናት ወደ 19,000 ያደርሰዋል።

ስለ የካቲት 12 ስንናገር አርበኞቹን እናነሣለን፤ ተገቢ ነው። ግን በዚያ ግቢ መጀመሪያ የወደቁት ለምኖ አዳሪዎች ነበሩ። ጠዋት ብር ሊሰጣቸው የዘረጋው እጅ ከቀትር በኋላ ጥይት ሰጣቸው። ከፍቅር የተለየ ምጽዋት ምን ያህል ቅርብ ከሆነ ገደል አፋፍ ላይ እንደሚቆም ከዚህ ቀን በላይ ያሳየ የለም። የሰማዕታቱ ሐውልት በስድስት ኪሎ አደባባይ ቆሟል፤ ቤተ ሳይዳ የነበረው ሆስፒታልም ከአብዮቱ በኋላ በዚያ ቀን ስም የካቲት 12 ተባለ።

ከነጻነት በኋላ ከተማይቱ አደገች። ስታድግም የማታያቸውን ሰዎች ወደ ዳር ገፋች። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከአራዳ ርቀው በደቡብ ምዕራብ በኩል በዘነበወርቅ ሰፈሩ። የሰፈሩን ሆስፒታል ከወረራው በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1934፣ የከፈተው የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን ነበር፤ አለርት የተባለው የሕክምናና የሥልጠና ማዕከል በ1965 የተመሠረተውም እዚያው ነው። በሰፈሩ ያለው ቤተ ክርስቲያን የገብረ ክርስቶስ ነው። ገብረ ክርስቶስ የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሳለ በሠርጉ ሌሊት ወጥቶ ደዌን ለምኖ የተቀበለና በአባቱ ደጅ ማንም ሳያውቀው ከድሆች ጋር የኖረ ቅዱስ ነው። ሕሙማኑን የሚመስል ጻድቅ ጎረቤታቸው ሆነ። ይሁንና ሕክምናው ከመሀል ከተማ ራቀ፤ በሥላሴ ደጅ እጁ የተቆረጠ ሰው ሲታይ አላፊው አሁንም ሳንቲሙን ከሩቅ ይወረውር ነበር።

ትረካው አሁን ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1910 በስኮፕዬ ከአልባኒያዊ ቤተሰብ የተወለዱ አንዲት ሴት በ18 ዓመታቸው መነኮሳት ዘንድ ገብተው ወደ ሕንድ ተሻገሩ። ለሃያ ዓመት ያህል በካልካታ የሴቶች ትምህርት ቤት አስተማሩ። በ1948 ከገዳሙ ቅጥር ወጥተው፣ ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጭ ሳሪ ለብሰው ወደ ድሆቹ መንደር ገቡ። ዓለም ማዘር ትሬዛ የሚላቸው እሳቸው ናቸው። በ1950 ማኅበራቸው ተፈቀደ። መነኮሳት ሁሉ የሚገቧቸው ቃል ኪዳኖች ድህነት፣ ድንግልናና ታዛዥነት፣ ሦስት ናቸው፤ እሳቸው አራተኛ ጨመሩ፤ ከድሆች ሁሉ ለሚያንሰው ድሃ ያለ ዋጋ፣ በሙሉ ልብ ማገልገል። በ1952 በካሊጋት፣ ከሂንዱዎች የካሊ ቤተ መቅደስ ጎን፣ በመንገድ ወድቀው ለሚሞቱ ሰዎች ቤት ከፈቱ። የአካባቢው ሰው ሰዎቻችንን ክርስቲያን ልታደርግብን ነው ብሎ ተነሣባቸው። ከዚያው ቤተ መቅደስ ካህናት አንዱ ሳንባ ነቀርሳ ይዞት የሚያስታምመው ሲያጣ የተቀበሉት ግን እሳቸው ነበሩ። ሰው ስለዚህ ነገር ሲያወራ ተቃውሞው በረደ።

እ.ኤ.አ. በ1973 ማዘር ትሬዛ አዲስ አበባ መጡ። ወሎ እየተራበ ነው። ሰው ከአምባው ወርዶ በአውራ ጎዳናው ዳር ይወድቃል፤ ቤተ መንግሥቱ ስለዚህ ጉዳይ ድምፁን ዝቅ አድርጓል። አገሪቱ ከሺህ ዓመት በላይ ክርስቲያን ነች፤ የካቶሊክ ሚሲዮናውያንን ደግሞ ከሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ በጥርጣሬ ታያለች። ስለዚህ የግቢ ሚኒስትሩ አስቀድመው ጠየቋቸው። ከመንግሥት ምን ትፈልጊያለሽ? ምንም፣ አሉ፤ እኅቶቼን ልሰጣችሁ ነው የመጣሁት። ምን የተማሩ ናቸው? ማንም ያልፈለገውን ሰው መውደድ፣ አሉ። ከሁሉ በላይ የሚከብደው ጥያቄ ቀጠለ፤ ሰውን ወደ ሃይማኖታችሁ ትሰብካላችሁ ወይ? መልሳቸው ሥራችን ለተሠቃየው ሰው እግዚአብሔር እንደሚወደው ያሳየዋል የሚል ነበር። ከዚያ በቀድሞው ራስ ተፈሪ፣ በንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ቀረቡ። ግርማዊነታቸው ሥራችሁን ሰምቻለሁ ብለው ደስ ብሏቸው ፈቀዱ።

እኅቶቹ በስድስት ኪሎ ቤት ከፈቱ። የሰፈሩ ሰው ረዥሙን የማኅበር ስም ትቶ ቤቱን በአጭሩ «ማዘር ትሬዛ» አለው። «ማዘር ትሬዛ ወሰዱት» ማለት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በአራት ኪሎ የታወቀ አነጋገር ሆነ፤ ሲነገርም በትንፋሽ መካከል እፎይታ ይሰማበታል።

ከዓመት በኋላ የፈቀዱላቸው ንጉሥ ራሳቸው ሰው አጡ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን ከቤተ መንግሥታቸው ሲወሰዱ በመንገድ የቆመው ሕዝብ «ሌባ» እያለ ጮኸባቸው። በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሞቱ ተባለ። ለቅሶ አልተቀመጠላቸውም፣ ፍትሐት አልተደረገላቸውም። አጽማቸው ከአራት ኪሎ ዝቅ ባለው በምኒልክ ግቢ፣ በሕንፃ ወለል ሥር ተቀብሮ 17 ዓመት ያህል ቆይቶ በ1984 ዓ.ም. ተገኘ። በሥላሴ ካቴድራል ያረፈው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ስለ ንጉሡ የፈለግነውን ፍርድ እንስጥ፤ በወሎ ረሃብ ጊዜ ዝም ማለታቸውንም አልረሳም። ግን የዚህ ታሪክ ሚዛን ለተወደደው ብቻ የተሠራ አይደለም። በእስር ቤት የሚያስታምመው ያጣ የ83 ዓመት ሽማግሌ፣ ምንም ያድርግ ምን፣ የኔ ቢጤ ነው።

ንጉሡን ያወረደው ደርግ ብዙ የሃይማኖት ድርጅት ንብረት ወረሰ፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ መንገድ ላይ ደረቱ ላይ ወረቀት የተለጠፈበት የወጣት ሬሳ ማየት የተለመደ ሆነ። ሬሳውን የኔ ነው ማለት ራሱ ወንጀል ነበር፤ እናት ልጇን አይታ እንዳላየች አለፈች። ሰውን ማግለል እዚህ ድረስ ይሄዳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የስድስት ኪሎው ቤት በሩን አልዘጋም። ቤቱ በሐሳብ ክርክር ያልገባው ለማምለጥ ብሎ አይመስለኝም፤ ሊታጠብ የሚጠብቅ ሰው ስለነበረው ነው።

በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ከፋ። ማዘር ትሬዛ በተደጋጋሚ መጡ። የአየርላንዱ ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ያገኛቸው ያኔ ነው፤ ቁመታቸው እጅግ ያጠረ፣ ነጠላ ጫማ ያደረጉ አሮጊት ሆነው አገኛቸው። በኋላ ሲያወራው እንዲህ ነው። ማዘር ትሬዛ ከቦሌ ሲመጡ በመንገድ ዳር ባዶ የቆሙ ሕንፃዎች አይተው ነበር። ካሜራው ሲቀርጽ አንዱን ባለሥልጣን ዘወር ብለው እነዚያን ቤቶች ለወላጅ አልባ ሕፃናት ስጡኝ አሉት። ሰውየው ተወዛገበ፤ ለማሳደጊያ የሚሆን ቦታ እንፈልግልዎታለን አለ። እሳቸው ወዲያው አረሙት፤ ለሁለት ማሳደጊያ። ልመናን እንዲህ አድርጎ የያዘ ሰው የትም አላየሁም። የኔ ቢጤነት በሳቸው እጅ ሥልጣን ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1985 በፈረንጆቹ የገና ዋዜማ ማዘር ትሬዛ ኒው ዮርክ ውስጥ በኤድስ ለሚሞቱ ሰዎች ቤት ከፈቱ። መጀመሪያ የተቀበሏቸው ከሲንግ ሲንግ እስር ቤት ያስለቀቋቸውን እስረኞች ነበር። ሐኪም ጓንት አጥልቆ እንኳ ለመንካት በሚፈራበት ጊዜ ነው። ይህ በሽታ ወደ እኛም ደርሶ ነበር፤ በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። የሆነውን የእኔ ዕድሜ ያለው አዲስ አበቤ ሁሉ ያስታውሳል። በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ «ያ በሽታ» ይባል ነበር። አከራይ አስወጣ፣ ዘመድ ብርጭቆ ለየ፣ ልብስ አቃጠለ። ለቅሶ ቤት ስለ ሟቹ ሲጠየቅ «ሳንባው ነው» ተብሎ ይታለፋል። እናትና አባታቸው የሞቱባቸው ሕፃናት ከአያት ወደ አክስት፣ ከአክስት ወደ ጎረቤት ተንከባለሉ፤ ቫይረሱ በደማቸው ያለው ደግሞ ከዚያም ወደቁ። የማዘር ትሬዛ እኅቶች በአስኮ ለእነዚህ ሕፃናት ቤት ሠሩ። መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት በአስኮ ሕፃን አቅፎ ማደር ማለት እንደሚሞት እያወቁ ማቀፍ ነበር። ከዚህ በላይ ቅድመ ሁኔታ የሌለው ፍቅር ምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ ቃል የለኝም።

በማዘር ትሬዛ ቤቶች ላይ የሚነሣ ነቀፌታ አለ፤ ልዘለው አልፈልግም። የላንሴት አርታኢ የነበሩት ሮቢን ፎክስ በካልካታ ያለውን ቤት ጎብኝተው እ.ኤ.አ. በ1994 ሲጽፉ ምርመራው ደካማ እንደሆነ፣ የሕመም ማስታገሻው እንደማይበቃ፣ የሚድነውና የማይድነው በቅጡ እንደማይለይ ተናገሩ። እውነት አለው። መጻጉዕን የሚያወርደው ሰው ከተገኘ በኋላ ውሃውም ፈዋሽ መሆን አለበት፤ እጁን ይዞ አብሮት ማልቀስ ብቻ አይበቃም። በስድስት ኪሎ ይህን ጉድለት የሞላው ያልታሰበ ሰው ነው።

ዶክተር ሪክ ሆድስ አሜሪካዊና ሃይማኖታቸውን አጥብቀው የሚይዙ አይሁዳዊ ናቸው። መጀመሪያ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1984 ለረሃቡ ነው፤ ተመልሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አስተማሩ። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ወደ እስራኤል ለመሄድ አዲስ አበባ የተሰበሰቡትን ቤተ እስራኤላውያን ያክሙ ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ በአውሮፕላን ሲወሰዱ እሳቸው በቦታው ነበሩ። ሰዎቻቸው ሲሄዱ ሥራቸው ያበቃ ነበር ማለት ይቻላል። እሳቸው ግን ቀሩ፤ በኦርቶዶክሶች አገር፣ በካቶሊክ መነኮሳት ቤት፣ እስላሙንም ክርስቲያኑንም የሚያክሙ አይሁዳዊ ሆነው።

በስድስት ኪሎ ያገኟቸው ልጆች ጀርባቸው የተጣጠፈ ነበር። ነቀርሳ ሳንባን ብቻ የሚይዝ የሚመስለው ብዙ ነው። አከርካሪ ውስጥ ሲገባ የአጥንቱን የፊት ክፍል እየበላ ይንደዋል፤ ያኔ ጀርባ እንደ ተሰበረ ቅርንጫፍ ወደ ፊት ይታጠፋል፣ ሳንባ ይጨፈለቃል፣ ነርቩ ሲጫን እግር ይከዳል። በየገጠሩ እንዲህ ያለው ልጅ እርግማን እንዳለበት ይታያል፤ ትምህርት ቤት አይሄድም፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1999 ሁለት እንዲህ ያሉ ወላጅ አልባ ወንዶች ልጆች ቤቱ ውስጥ ነበሩ። ዶክተሩ ፎቷቸውን ለማያውቁት ሐኪም ሁሉ ላኩ፤ እሺ ያለ አልተገኘም። በመጨረሻ አንድ መንገድ ታያቸው፤ ልጆቼ ከሆኑ በእኔ የሕክምና ዋስትና ይታከማሉ። ሁለቱንም ልጆቼ ብለው በሕግ ተቀበሏቸው። ልጆቹ ዳላስ ሄደው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ጀርባቸው ቀና። በኋላ እስከ አምስት ልጅ በዚሁ መንገድ አሳደጉ፤ ዋስትናው ከዚያ በላይ አይፈቅድም ነበርና።

ይህን ታሪክ በዝግታ ማንበብ ይገባል። ሰውየው ለበሽተኛ ገንዘብ ከመፈለግ ይልቅ አባት ሆኑ። ሰው የለኝም ላለው ልጅ፣ በወረቀትም በእንጀራም፣ ሰው ሆኑት። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ደግሞ ትውልደ ጋናዊው የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ-አጄይ ገቡበትና ከአዲስ አበባ ብዙ ልጆች ወደ አክራ እየሄዱ ቀና ብለው መመለስ ጀመሩ። ስለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 የተሠራው ዘጋቢ ፊልም ርእሱ ጠማማውን ማቅናት የሚል ነው፤ ከኢሳይያስ የተወሰደ።

ማዘር ትሬዛ እ.ኤ.አ. መስከረም 5 ቀን 1997 አረፉ፤ ቤተ ክርስቲያናቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ቅድስት አለቻቸው። በስድስት ኪሎ ይህ ብዙ ለውጥ አላመጣም። ማለዳ ጸሎት፣ ከዚያ ባልዲ።

በዚህ መካከል አካባቢው ራሱ ተለወጠ። ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የፒያሳና የአራት ኪሎ አሮጌ ሰፈሮች ፈረሱ፤ መንገዱ ሰፋ፣ የእግረኛ መሄጃው አማረ። ድሮ አንድ ደካማ አሮጊት ብትታመም እድርተኞቿና ጎረቤቶቿ ያውቁ ነበር። አሁን ጎረቤት ተበታትኖ አንዱ በከተማው ዳር፣ ሌላው በኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ነው። ሰው የለኝም የሚለው ቃል የገጠር ስደተኛ ቃል ብቻ መሆኑ ቀረ።

ባለፈው ክረምት በማለዳ በዚያ በር በኩል ሳልፍ ሁለት ሊስትሮዎች አንድ ሽማግሌ በእጅ ጋሪ እየገፉ ሲያመጡ አየሁ። ጆንያ ደርበውለታል። እግሩ ላይ በፌስታል የታሰረ ቁስል አለ፤ ሽታው ከመንገዱ ማዶ ይደርሳል። አንዲት እኅት ወጣች። የለበሰችው ነጭ ሳሪ እንደ ጓደኞቿ ሁሉ ሰማያዊ ጥለት ያለው ነው። ይህ ልብስ የሚሸመነው በሕንድ፣ በቲታጋር፣ በሥጋ ደዌ ሕሙማን እጅ ነው። ከስድስት ኪሎ ሽቅብ በሽሮ ሜዳ ሸማኔዎቻችን ጥለት ይጥላሉ፤ የእነርሱን አባቶች እጅ የተጸየፈች ከተማ ዛሬ እንዲህ ዓይነት ሸማ ለብሰው በሚያልፉ ሴቶች እጅ ትታከማለች፣ ትታጠባለች።

መታወቂያ አልጠየቀችም፤ ሃይማኖትም አልጠየቀችም። ሊስትሮዎቹን «ዘመድ አለው?» አለቻቸው። አንደኛው ራሱን ነቀነቀ። «እኛ ነን ሲስተር፣ እዚያ ሥላሴ ጋ አብረን ነው የምንውለው» አለ ሁለተኛው። ጋሪውን አብረዋት ወደ ውስጥ ገፉት።

በሩ ገርበብ ብሎ ስለቀረ ግቢው ይታየኝ ነበር። ሽማግሌውን በእንጨት ወንበር አስቀመጡት። እኅት በጉልበቷ ተንበርክካ ፌስታሉን በመቀስ ሰነጠቀችው፤ ውሃውን በክንዷ ለካች፤ ትኩስ ስለነበር በሌላ ባልዲ ቀዝቃዛ አስመጥታ ቀላቀለች። ከዚያ እግሩን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ ብላ አስገባችው። «አባቴ፣ ስምዎ ማነው?» አለችው። ሽማግሌው ወዲያው አልመለሰላትም። ሊስትሮው ሊነግራት አፉን ሲከፍት ሽማግሌው በእጁ ምልክት አስቆመውና ስሙን ከነአባቱ ራሱ ተናገረ።